የኮልድሾ መርከብና የኮልድሾ አንድ ሰው

ኮልድሾ፣ ጁን 14 ቀን 1916

ለእህቴ ለሎይስ፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ ከሳልና ከሰው በስተቀር ደህና ነኝ።

«ደብዳቤዬን ማን አነበበልሽ?» ብለሻል። እኔው ነኝ ያነበብኩት። ይህንንም እኔው ነኝ የምጽፈው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። አሞስ ባሕር ኃይል ከገባ ጀምሮ ደብዳቤዎቹን የምታነብልኝ የፋብሪካው ባለቤት ሚስት ወይዘሮ ክሮምፕተን ነበረች። እኔ የእሷን አንሶላ አጥባለሁ፣ እሷ የልጄን ደብዳቤ ታነባለች። ታዲያ አንድ እሁድ ከጸሎት ቤት ስወጣ የሥጋ ሻጩ ሚስት «የአሞስ እግር እብጠት ተሻለው?» አለችኝ። ስለ እብጠት የሰማሁት ነገር አልነበረም። ወይዘሮዋ ለእኔ ስታነብ ዘልላዋለች፤ ለከተማው ስታወራ ግን አልዘለለችውም። በሳምንቱ ጸሎት ቤቱ ለአዋቂዎች ፊደል በሚያስቆጥርበት ክፍል ገብቼ የሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥኩ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ፊደል የቆጠርኩት ለእውቀት አይደለም፣ ለንዴት ነው።

ወደ ወሬው ልግባ። ከጀርመኖች ጋር የተደረገው የሰሜን ባሕር ውጊያ የተሰማ ቀን ይህ ከተማ ልቅሶ አማረው። ሌላ ቃል የለኝም፣ አማረው። መርከቧ በስማችን ኮልድሾ ተብላለችና ከከንቲባው ጀምሮ ሁሉም ሰው መርከበኞቿ በሙሉ የእኛ ልጆች ይመስሉት ነበር። ያን ሁሉ የብር ጎድጓዳ ሳህንና ደወል በስጦታ ያሸከሟትም ለዚሁ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ጥቁር ጨርቅ ተሰቀለ፣ ለሟች ቤተሰቦች ወንበር ተደረደረ፣ የአበባ ጉንጉን ተጎነጎነ። ከዚያ በኋላ ነው ወደቡን የጠየቁት። ባሕር ኃይል መርከቦቹን በከተማ ስም ይጠራል እንጂ ሰው የሚሞላቸው ከየወደቡ ነው የሚል መልስ መጣ። የኮልድሾ መርከበኞች የእናንተው የዴቨንፖርትና የዙሪያው ልጆች ናቸው። ከኮልድሾ ከተማ በመርከቧ ላይ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አሞስ ኦግደን፣ ቆስሏል፣ በሕይወት አለ።

ወይዘሮ ክሮምፕተን መልሱን እስክትሰማ አልጠበቀችም። ጉንጉኑን አስጭና ደጄ መጣች።

«ታቢታ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«በምን?»

«በአሞስ ነዋ።»

«አሞስማ አለ። እህቴ ቴሌግራም ልካልኛለች።»

ያን ጊዜ ፊቷን ብታዪው! ኮምጣጤ የጠጣች መሰለች። «ተመስገን» አለች፤ ዞር ብላም ነጂዋን «መልሰህ ጫነው» አለችው። ጉንጉኑን ነው። ሎይስ፣ ልጄ ባለመሞቱ ቅር አላት። ካንቺ በቀር ይህን የምነግረው ሰው የለኝም።

አሁን የጠየቅኩሽን መልሺልኝ። «ትንሽ ቃጠሎ» ብለሻል። የቱ ጋ? ምን ያህል? እኔን አታባብዪኝ፣ አርጅቻለሁ።

ታቢታ

—

ዴቨንፖርት፣ ጁን 22 ቀን 1916

እህቴ ታቢታ፤

ፊደልሽ ከእኔ ፊደል ይበልጣል፤ ይህንን ለቀልድ አላልኩም። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። ቤቴ በተከራይ ሞልቷል፣ ሁሉም የመርከብ ጥገና ሠራተኞች ናቸው፣ ሁሉም ይበላሉ።

አሞስ በባሕር ኃይሉ ሆስፒታል አለ። ከሥራ ስመለስ ሁልጊዜ እጠይቀዋለሁ። ሾርባ ይጠጣል፤ ከነርሶቹም ጋር ይቀልዳል። ቃጠሎው እጁ ላይና ከአንገቱ በላይ ነው። ሐኪሙ ጊዜ ይፈልጋል ይላል። እግሩ ደህና ነው። እግሩ ደህና መሆኑን እንደ ትልቅ ነገር ቁጠሪው፤ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ትናንት ማታ ሁለቱ ተከራዮቼ በመርከብ ጉዳይ ተጣሉ። አንዱ ሽማግሌው ፓስኮ ነው፤ ሌላው ወጣት ነው።

«እንደ ኮልድሾ ያሉት፣ የከተማ ስም ያላቸው የጦር መርከቦች ይሻላሉ» አለ ፓስኮ። «ሰፊ ናቸው፣ ባሕር ይችላሉ።»

«ሰፊ መቃብር! አዲሶቹን አታይም? እንደ አደን ውሻ ነው የሚሮጡት።»

«ይሮጣሉ፤ ማዕበል ሲመጣ ግን ሰው ሾርባውን ከባሕር ጋር ቀላቅሎ ነው የሚጠጣው። መኝታው ሳይቀር ይዋኛል።»

«ያንተዎቹስ? የመድፉ ጋሻ ከጉልበት በታች የለም። ሰውየውን ሱሪ ሳያስታጥቁ ነው ወደ ሠርግ የሚልኩት!»

ተሳሳቁ። እኔ ሳህኑን ከፊታቸው አነሳሁባቸው። ነገሩ እውነት ነው ታቢታ። መድፉ ክፍት ወለል ላይ ነው የሚቆመው፤ ፊቱ ላይ ያለው የብረት ጋሻ እስከ ወለሉ አይደርስም። ፍንጣሪው በሥሩ ገባ፤ መድፉን የከበቡት ልጆች እግራቸውን አጡ። አሞስ ከኋላ ባሩድ አቀባይ ስለነበረ እግሩ ተረፈ። ባሩዱ ግን ተቀጣጠለ።

ከዚህ በላይ ምንም አልጨምርም፤ ቃል አስገብቶኛል። መምጣቱን ለጊዜው ተዪው። ባቡሩ በወታደር ተጨናንቋል፣ ሳልሽም አልለቀቀሽም።

ሎይስ

—

ኮልድሾ፣ ጁላይ 3 ቀን 1916

ሎይስ፤

ፊደል የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ ያልተጻፈውን ማንበብ ግን ከልጅነቴ ነው የማውቀው። «ከአንገቱ በላይ» ምን ማለት ነው? ከአንገት በላይ ያለው እኮ ፊት ነው።

ከተማው ያቋቋመው የበዓል ኮሚቴ ምን እያሰበ እንደሆነ ልንገርሽና ያቅለሽልሽሽ። ሟች ቢያጡ ጊዜ ቁስለኛ ይበቃናል ብለዋል። በኦገስት ሁለተኛው ቅዳሜ «የመርከባችን ቀን» ይከበራል። በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ባንድ ይኖራል፣ ምሳ ይኖራል። ጦርነቱ ሲጀመር ከመርከቧ ወርዶ የተመለሰው የብር ሳህን ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። አሞስ ደግሞ በደንብ ልብሱ መድረክ ላይ ይቆማል። ወይዘሮዋ ራሷ መጥታ ነው የነገረችኝ።

«የእኛው አሞስ!» አለችኝ። አስቢው፣ የእኛው! በሕፃንነቱ በእንጨት ጫማው ግቢዋን ሲያቋርጥ ውሻ የለቀቀችበትን ልጅ። «ደግሞ ታቢታ፣ አንቺም ከሥሩ ትቀመጫለሽ። ንጹሕ ልብስ አለሽ አይደል?»

«የእርስዎን ልብስ ንጹሕ የማደርገው እኔ ነኝ» አልኳት። አልገባትም።

ይህ አልበቃቸው ብሎ መርከቧ ስትጠገን የወለቀው የመድፍ ጋሻ ለከተማው ተሰጠ። የተበሳሳ ብረት በባቡር መጣ። ለማጠብ የተጠራሁት እኔ ነኝ፤ ማን ይጠራ! ታች ጠርዙ ላይ የደረቀ ጥቁር ነገር ነበረበት። ዘበኛው «ቀለም ነው፣ ፈግፍጊው» አለኝ። ፈገፈግኩት። ባልዲው ውስጥ ውሃው ሲቀላ እያየ «ዝገት ይሆናል» አለ። ከኮሚቴው ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም፤ የአበባ ማስቀመጫ የት ይሁን እያሉ ይጨቃጨቁ ነበር። ቤቴ ገብቼ እጄን በሶዳ ላጥኩት።

አሞስ በነርስ ያስጻፈው መልስ ደርሶኛል፤ አልመጣም፣ መድረክ አልወጣም ብሏል። ደግ አደረገ። እኔ ግን ቅዳሜ እመጣለሁ። አትከልክዪኝ። ለእሱም አትንገሪው።

ታቢታ

—

ዴቨንፖርት፣ ጁላይ 12 ቀን 1916

ታቢታ፤

በሰላም መግባትሽን ከሌላ ሰው መስማት አልነበረብኝም። ተናድጃለሁ፤ ስለዚህ ሰላምታውን ተዪው።

ኮፍያሽ እዚህ ነው። ሆስፒታል ወንበሩ ላይ ትተሽው ወጣሽ፤ አሞስ ነው አንስቶ የሰጠኝ። አልጋው አጠገብ የቆየሽው ሻይ እስኪፈላ ድረስ እንኳ አይሆንም። ነርሷ ጨርቁን ስትፈታ አብረሽ ነበርሽ፤ ዞር ስል የለሽም። ቤቴም አልተመለስሽም፤ ቀጥ ብለሽ ባቡር ጣቢያ።

«አክስቴ፣ እማ ባቡሩ ረፈደባት እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ ረፍዶባት ነው» አልኩት።

«ባቡሩ ማታ አይደል?»

ያን ቀን ምሳውን አልበላም። በማግሥቱም አልበላም። ሦስተኛው ቀን ግን ተነስቶ፣ ለኮሚቴው ጻፊልኝ፣ እመጣለሁ በያቸው አለኝ። እምቢ ብለህ አልነበረም ወይ ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እነሱ ቢያንስ ጠርተውኛል።»

ጻፍኩላቸው። እጁ ገና እስክሪብቶ አይይዝም።

እህቴ ነሽ፤ አባታችን ሲሞት ያጠብሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ በር ላይ ቆሜ አልቅሼ ነበር። ሆድሽ ጠንካራ እንደሆነ ነው የማውቀው። ስለዚህ እውነቱን ጻፊልኝ። ምን ሆንሽ?

ሎይስ

—

ኮልድሾ፣ ጁላይ 21 ቀን 1916

ሎይስ፤

ይህን ደብዳቤ ለእሱ አታንብቢለት። ለብቻሽ ነው።

ምን ሆንሽ ብለሻል። አስመለሰኝ። ሆስፒታሉ ግቢ ከግንቡ ሥር፣ አንድ እግሩን ያጣ ልጅ ምርኩዙን ተደግፎ እያየኝ፣ ጠዋት የበላሁትን ሁሉ አወጣሁት። የባቡሩ ምግብ ነው እንዳትዪ፤ ባቡር ላይ አልበላሁም።

ለቅሶ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እናት ልጇን እንዲህ ሆኖ ስታይ ታለቅሳለች፣ ትወድቃለች፣ ሰው ይደግፋታል። እኔ አላለቀስኩም። ተጸየፍኩት። ጨርቁ ሲፈታ ያ እርጥብ ነገር፣ ወደ ላይ የተሰበሰበው ከንፈሩ፣ ሁልጊዜ የሚስቅ የሚመስለው ጥርሱ፣ ሽታው። ሆዴ «ይህን ከፊቴ አንሱልኝ» አለ። የገዛ ሆዴ፣ እሱን ዘጠኝ ወር የተሸከመው። እሱ ደግሞ በዚያ አፉ «እማ፣ ኮፍያሽ አዲስ ነው?» አለኝ። ያን ጊዜ ነው የሮጥኩት። ሃያ ዓመት የሰው እድፍ ሳጥብ አንድ ቀን ቋቅ ብሎኝ አያውቅም፤ ለልጄ አቃተኝ።

ቆዪ፣ አልጨረስኩም። ትናንት ወይዘሮ ክሮምፕተን መጣች። ለካ ኮሚቴው ለፕሮግራሙ ፎቶግራፍ ላኩልን ብሎ ሆስፒታል ጽፎ ኖሯል። ሐኪሙ ፎቶ ማንሳት የማይመከርበትን ምክንያት ዘርዝሮ መለሰ። ወንበሬ ላይ ሳትቀመጥ፣ በሩን እንደያዘች ነው የተናገረችው።

«ታቢታ፣ አስበንበት ነበር። መንገዱ ለአሞስ አይከብደውም?»

«ይከብደው ይሆናል።»

«እና ባይደክም ጥሩ ነው። መርከብ ሲገባ የተነሳት ያቺ ቆንጆ ፎቶ አለችሽ አይደል? አስፍተን በአበባ እንከባታለን። ሕዝቡም የሚያስታውሰው እንደዚያ ነው።»

«እሱ እመጣለሁ ብሏል።»

«አውቃለሁ። አንቺ ብትነግሪው ግን ይቀራል። ሕፃናት ይኖራሉ እኮ ታቢታ፤ እርጉዞችም ይኖራሉ። አንቺ አይተሽዋል። ታውቂዋለሽ።»

አንቺ አይተሽዋል! እርግማኑ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሃያ ዓመት ያጠራቀምኩት እርግማን አለኝ፣ ለእሷ ብቻ ያስቀመጥኩት። አልወጣም። በምን አፌ ልርገማት? እሷ እኔ ያደረግኩትን ነው የምታደርገው፤ ልዩነቱ እሷ አበባ ታክልበታለች። ፎቶዋን ከግድግዳው አውርጄ ሰጠኋት። አዎ፣ ሰጠኋት። ከዚያ በሩን ዘጋሁ።

እሷ ታስጠላኛለች። ከተማው ያስጠላኛል። ከሁሉም በላይ ግን ማን እንደሚያስጠላኝ ገብቶሻል። እንዲመጣ አትፍቀጂለት። ወይም ፍቀጂለት። አላውቅም።

ታቢታ

—

ዴቨንፖርት፣ ጁላይ 27 ቀን 1916

ታቢታ፤

አነበብኩለት። አታንብቢለት ማለትሽንም ጭምር አነበብኩለት። ልትሰድቢኝ ትችያለሽ፤ ከመሀላችሁ ሆኜ መዋሸት ግን ሰልችቶኛል።

አንድ እንግዳ ድምፅ ከጉሮሮው ወጣ፤ አሁን ሲስቅ እንደዚያ ነው።

«እማን ያስመለሳት ግንቡ ሥር ነው?»

«ግንቡ ሥር።»

«እኔ መስታወት የሰጡኝ ቀን አልጋው ላይ ነው ያስመለሰኝ። እሷስ ጨዋ ናት፣ ውጭ ወጣች።»

ስለ ፎቶውም አልተቆጣም። ቅር ያለው ስለ ሌላ ነገር ነው። አልፈልግህም ካለች አልፈልግህም ትበል፣ ከሰው አፍ አልስማው አለ።

እኔም ልንገርሽ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ሆስፒታል ከእሱ ጋር መብላት አቅቶኝ መተላለፊያው ላይ ቆሜ ነበር የምበላው። አሁን አጠገቡ እበላለሁ። ለምን እንደተሻለኝ አልገባኝም።

በቅርቡ ከሆስፒታል ይወጣል። ፊቱ ጠዋትና ማታ መታጠብ፣ መቀባት፣ መታሰር አለበት፤ ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ ነው ይላል። እጁ ስለማይታዘዝለት ራሱ አይችለውም። ታቢታ፣ ካልቻልሽ እኔ ጋ ይቆይ። የላይኛውን ክፍል ባዶ አድርጌያለሁ፤ ፓስኮም በደረጃው እየተንጠለጠለ እያጉረመረመ ወደ ታች ወርዷል። እዚህ ቢቀር የሚታዘብሽ የለም። ብቻ እሱ ቤቱ መግባት ይፈልጋል፣ ያንቺን በር ነው የሚጠይቀው። አዎ ወይም አይ በይ። ምክንያት አትጨምሪበት ብሎሻል።

ሎይስ

—

ኮልድሾ፣ ጁላይ 31 ቀን 1916

አዎ።

በዚያው በበዓሉ ቅዳሜ፣ በቀትሩ ባቡር ይምጣ። ጣቢያ እቆማለሁ። ፊቱን በሻርፕ ከሸፈነ ለብርዱ ይሁን እንጂ ለእኔ ብሎ እንዳይሆን።

ታቢታ

—

ኮልድሾ፣ ኦገስት 23 ቀን 1916

ለእህቴ ለሎይስ፤

ዝም ብልሽ ተቀይመሻል፣ መልእክትሽ ይናገራል። ይቅር በይኝ፤ እጄ ሥራ ይዞ ነው። «እንዴት ተቀበሉት» ላልሽው ይኸው።

ከባቡር ሲወርድ ሻርፕ አልነበረውም፤ ጨርቁ ብቻ ነበር፣ አፉና ዓይኑ ክፍት ሆነው። ጣቢያው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ድንገት የጫማ ማሰሪያው የተፈታ ይመስል አጎንብሶ ቆየ። «ቤት እንሂድ?» ብለው «ባንድ ይሰማል፣ ምሳ አለ ማለት ነው» አለኝ። ሄድን።

አዳራሹ በር ላይ ፎቶው ነበር፣ ከነአበባው። አሞስ ቆሞ አየውና ወይዘሮ ክሮምፕተንን «መልከ መልካም ልጅ ነበር። ሞተ እንዴ?» አላት። አበባውን ማስተካከል ጀመረች። ከንቲባው ክብር ያለው ቦታ ስጡት ሲል ወዲያው ወንበር አመጡ፤ ያስቀመጡት የት መሰለሽ? ከመድፉ ጋሻ ጀርባ። ለክብሩ ነው አሉ፤ የጋሻው ባለቤት ነዋ። እውነቱ ግን ሕዝቡ እንዳያየው ነው። ቁና ቁና እየተነፈስኩ ሌላ ወንበር ጎትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከፊት ሆኖ ለሚያይ ሰው የእሱ ጫማና የእኔ ቀሚስ ጫፍ ነበር የሚታየው።

ከንቲባው ስለ ብሩ ሳህን ረጅም ንግግር አደረገና «ልጆቻችንን ከጠላት የጋረደ ይህ ጋሻ» ሲል አሞስ ከጀርባው «እስከ ጉልበት!» ብሎ ጮኸ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ማን እንደሆነ አላወቅኩም፣ አምላክ ይባርከው። ሌላው ሰው ሳል ሳል አለው።

ከዚያ ምሳ ሆነ። በሊጥ የተሸፈነ የአሳማ ሥጋ ነበር፣ ሻይ ነበር። አሞስ እንዴት እንደሚበላ ታውቂያለሽ፤ ገሚሱ ይመለሳል። አንድ ጠረጴዛ ተነሳ። ሁለተኛው ተነሳ። ወይዘሮዋ ሕፃናቱን ወደ ባንዱ ይዛ ወጣች። አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረም ሎይስ። ሁሉም ፈገግ እያሉ፣ «በርታ» እያሉ፣ ወደ ኋላ እየሄዱ ነው የወጡት። አጸያፊው ነገር ይህ ነው። እኔስ ቢያንስ ሮጬ ነው የሄድኩት።

«እማ፣ ሁሉም ሄዱ» አለኝ። «የዚያኛውን ጠረጴዛ ሥጋ አምጪው።»

አመጣሁለት። ጠግበን በላን። የተረፈውን በወይዘሮዋ የጠረጴዛ ልብስ ቋጥሬ ወጣሁ፤ ልብሱን ማን እንደሚያጥበው አውቃለሁ።

ለመጨረሻው ጥያቄሽ እንዲህ እመልሳለሁ፦ አይ፣ አልተላመድኩትም። አንቺ በሳምንት ተሻለኝ ብለሻል፤ እኔ ሆዴ እልኸኛ ነው። ጠዋት ውሃ አሞቃለሁ፣ ቅባቱን አዘጋጃለሁ፣ ባዶ ባልዲ እግሬ ሥር አደርጋለሁ። ጨርቁን ስፈታ ያው ነው፤ ባልዲው ላይ ጎንበስ እላለሁ። እሱ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ያፏጫል፤ ያ ከንፈር ያን ያህል ማፏጨቱም ይገርማል።

«ጨረስሽ እማ?»

«ጨረስኩ። ቀና በል።»

አፌን እጠርግና ፊቱን አጥባለሁ።

ታቢታ